ደርሶ መልስ አትላንቲክ ሲቲ

የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሀበሻ ወደ አትላንቲክ ሲቲ ለመሄድ ሲነጋገር ወሬው ሁሉ ስለ መሄድ ነው። በማን መኪና እንሂድ፣ ማን ይንዳ፣ ቁርስ መንገድ ላይ ይበላ ወይስ ሰው ከቤቱ ቋጥሮ ይምጣ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲባል በእኛ ነው በእነሱ። ይህ ሁሉ ተመክሮበት፣ አንዱ ተቀይሞ ሌላው አስታርቆ ካለቀ በኋላ ስለ መመለስ የሚነገረው አንዲት ቃል ናት፤ «እሱን እዚያ እናየዋለን።» የእኔ ክርክር ከዚህች «እናየዋለን» ጋር ነው። ወደዚህች የባህር ዳር የካዚኖ ከተማ የሚደረግ አጭር ጉዞ መታቀድ ያለበት ከጭራው ነው። መጀመሪያ የመመለሻው ሰዓት ይቆረጥ፤ ባህሩም፣ ምሳውም፣ ቁማሩም ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይደልደል። ከተማዋ ለአንድ ቀን የመጣን ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ተኩል ለማቆየት የተሠራች ናትና። ይህ ሐሜት አይደለም፣ የራሷ ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በሐኪም ነው። ጆናታን ፒትኒ የሚባል ዶክተር የኒው ጀርሲ ጠረፍ ነፋስና የጨው ውሃ ለጤና መድኃኒት ነው እያለ አጥብቆ ሰበከ፤ ባለሀብቶችም ሰሙትና እ.ኤ.አ. በ1854 ባቡሩ ከካምደን ተነስቶ ባህሩ ዳር ደረሰ፣ ከተማዋም በዚያው ዓመት ተቆረቆረች (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። በሐኪም ምክር የመጣ ሰው መቼም ቶሎ አይመለስም። በ1870 ደግሞ እንግዶቹ ከባህር ሲወጡ አሸዋውን ይዘው ሆቴል አዳራሽና ባቡር ወንበር ላይ እየዘሩ ስላስቸገሩ፣ አንድ የባቡር ሠራተኛና አንድ ባለ ሆቴል ተማክረው አሸዋው ላይ ጣውላ አስነጠፉ። ምንጣፍ ለማዳን የተነጠፈው ጣውላ ሰው ሲንሸራሸርበት ጊዜ ሱቅ ወለደ፣ ሱቁ ከረሜላ ወለደ፣ ከረሜላው ሌላ ሱቅ ወለደ፤ ዛሬ ቦርድዎክ የሚባለው ወደ 4 ማይል የሚረዝም የእንጨት ጎዳና እሱ ነው። በ1881 ጄምስ ላፈርቲ የሚባል የመሬት ነጋዴ ከከተማዋ በስተደቡብ 65 ጫማ ቁመት ያለው የእንጨትና የቆርቆሮ ዝሆን አቆመ። ገዢውን በዝሆኑ ሆድ ውስጥ አሳልፎ ጀርባው ላይ ያወጣውና «ያ ቦታ፣ ያ ደግሞ እዚያ ጋ ያለው» እያለ መሬት ያሳየው ነበር። እንግዳን ከማሳደር አልፎ ነዋሪ ማድረግ ማለት ይህ ነው። በ1921 የበጋው ወቅት በሠራተኞች ቀን ማግስት እያበቃ አልጋው ስለቀዘቀዘባቸው ነጋዴዎቹ እንግዳውን ጥቂት ቀን የሚያቆይ የቁንጅና ውድድር ፈጠሩ። ሚስ አሜሪካ የተባለው እሱ ነው፤ አገር ምድሩ ስለ ቁንጅና ሲከራከር የኖረበት ጉዳይ ከሥሩ ሲታይ የአልጋ ኪራይ ጉዳይ ነበር።

ካዚኖው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኒው ጀርሲ ሕዝብ በ1976 ድምፅ ሰጥቶ ፈቀደ፣ የመጀመሪያው ካዚኖ ሪዞርትስ በግንቦት 1978 በሩን ከፈተ። ያን ጊዜ የግዛቱ ሕግ ጨዋ ነበር፤ ካዚኖዎቹ ሌሊቱ ሲነጋጋ ለጥቂት ሰዓት እንዲዘጉ ያስገድድ ነበር። ሰዓት የማያውቅ ሰው እንኳ ቢያንስ መብራቱ ሲጠፋበት ቤቱ ትዝ ይለዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ይህም ቀረና ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ተፈቀደ። አሁን አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰዓት አይሰቀልም፣ መስኮትም ቢሆን እምብዛም የለም፤ ውጭ ይንጋ ይምሽ የሚናገረው የራስ ሆድ ብቻ ነው፣ እሱንም በነፃ በሚቀርብ መጠጥ ያባብሉታል። ሞኖፖሊ የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ በ1935 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የመንገዶቹን ስም የወሰደው ከዚህችው ከተማ ነው። በሰሌዳው ላይ ዙሩን ለጨረሰ ሰው 200 ዶላር ይሰጠዋል። በከተማዋ ላይ ዙሩን የጨረሰ ሰው የሚቀበለው የፓርኪንግ ሒሳብ ነው።

ሰዓት ላይ ሙጭጭ ያልኩበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይ። የአሜሪካ ሩሌት 38 ማረፊያ አለው፤ ከ1 እስከ 36፣ ዜሮ፣ ድርብ ዜሮ። አንድ ቁጥር ላይ 1 ዶላር አስቀምጦ የወጣለት 35 ዶላር ይከፈለዋል፣ የራሱም ዶላር ትመለስለታለች። እንግዲህ በ38ቱም ላይ አንድ አንድ ዶላር የደረደረ ጠንቃቃ ሰው 38 አውጥቶ 36 ያነሳል ማለት ነው። ከመቶው የሚጎድለው አምስት ዶላር ከሩብ ገደማ መሆኑ ነው፤ ይህን ያህል ደግሞ ለአንድ ዙር መዝናኛ አይከፋም። ተንኮሉ ዙሩ ላይ አይደለም፣ ብዛቱ ላይ ነው። ኳሷ በሰዓት 40 ጊዜ ብትዞርና ሰውየው በየዙሩ 10 ዶላር ቢያስቀምጥ በሰዓት 400 ዶላር በጠረጴዛው ላይ ያልፋል፣ ወደ 21 ዶላር ያህሉም በአማካይ እዚያው ይቀራል። ሁለት ሰዓት የተጫወተ የአንድ ደህና ራት ዋጋ ከፈለ። አሥር ሰዓት የተጫወተ ግን የማያድርበትን ክፍል ኪራይ ከፈለ። የቁማር ማሽኑ ደግሞ ይብሳል። የኒው ጀርሲ ሕግ ማሽን ከሚጎርሰው ቢያንስ 83 በመቶውን መልሶ እንዲተፋ ያዛል፤ ማሽኑ በደግነቱ 90 ይመልሳል እንበል። አንድ ሰው በደቂቃ 8 ጊዜ በ1 ዶላር ሒሳብ ቢጫን በሰዓት 480 ዶላር አስገብቶ 48ቱን ትቶ ይነሳል። ወንበሩ ግን እጅግ ይመቻል፤ ለምን እንደሚመች አሁን ግልጽ ሳይሆን አይቀርም።

«ክፍሉ እኮ በነፃ ነው የተሰጠኝ» የሚል ወዳጅ እዚህ ላይ ይነሳል። ይህ ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ነው፣ ረጋ ብለን እንየው። ነፃ ክፍል የሚገኘው በአባልነት ካርድ ነው። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ሲሰካ ወይም ጠረጴዛው ላይ ለኃላፊው ሲሰጥ ሰውየው በአማካይ በስንት ዶላር እንደሚጫወትና ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ይመዘገባል። እነዚህን አባዝተው በጨዋታው ዓይነት ሲመቱት ከዚህ ሰው ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀው ገንዘብ ይወጣል፣ ከዚያ ላይ ጥቂቱ በክፍልና በምግብ መልክ ይመለስለታል። አሸነፈ ተሸነፈ ለዚህ ስሌት ደንታ የለውም። እንግዲህ የእኔን ክርክር የሚደግፍልኝ ራሱ ካዚኖው ነው፤ እሱም የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ነፃ የተባለው አልጋ ሰውየው ባለፈው ጊዜ በወንበር ላይ ያሳለፈው ሌሊት ተመልሶ ሲመጣ ነው፣ በዚያ ላይ ጠዋት ሲነሳ እንደገና የሚያሳልፈው ማሽኖቹ አጠገብ ነው። አልጋውን የሚወድ ይተኛበት፣ ግን በእቅዱ ውስጥ «ነፃ» ተብሎ አይጻፍ።

«ያሸነፈ ሰው አለ» ለሚለው ደግሞ አዎ አለ። ኬን ኡስተን የተባለው ሰው ብላክጃክ ላይ የወጡትን ካርታዎች በአእምሮው እየቆጠረ ያሸንፍ ስለነበር ሪዞርትስ አስወጣው፤ ከሶ በ1982 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካዚኖ ካርታ ቆጣሪን በገዛ ሥልጣኑ ማባረር አይችልም ሲል ፈረደለት። ከዚያ በኋላ ካዚኖዎቹ ካርታውን አብዝተው ቶሎ ቶሎ ማወዝ ያዙ። ይህን ሁሉ የሚያስብ ሰው ደግሞ ለሽርሽር አልሄደም፣ ሥራ ገብቷል። ካዚኖም ቢሆን ይከስራል፤ በ2.4 ቢሊዮን ዶላር የተሠራው ረቨል በ2012 ተከፍቶ በ2014 ተዘጋ፣ በማግስቱ ዓመት በ82 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2014 ብቻ አራት ካዚኖዎች ተዘጉ። ልብ በሉ፣ ያከሰራቸው እድለኛ ቁማርተኛ አይደለም። ፔንስልቬንያና ሌሎች ጎረቤቶች የየራሳቸውን ሲከፍቱ ሰው ረጅሙን መንገድ ተወው፤ በ2006 ወደ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረው የከተማዋ የካዚኖ ገቢ በስምንት ዓመት ግማሽ ያህል ሆነ። ካዚኖ የሚጎዳው ሰው ሲያሸንፈው ሳይሆን ሰው ቤቱ ሲሄድበት ነው። ገንዘቡ ከንቱ አልቀረም ብሎ መጽናናት ለሚፈልግ ግን አንድ መንገድ አለው፦ ግዛቱ ከካዚኖ ገቢ የሚወስደው 8 በመቶ ግብር ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ፕሮግራም ይውላል፤ ምጽዋት ነው ይበል።

ይህን የሰማ ብልጥ «ታዲያ ለምን ሦስት ሰዓት ተኩል ይነዳል፣ ናሽናል ሃርበር ያለው ኤምጂኤም ካዚኖ እኮ ከደጃችን ነው» ይላል። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ተቀምጧል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ቅርብ መሆኑ ነው ክፋቱ። መመለሻው ሃያ ደቂቃ የሆነ ሰው መመለሻውን አያቅድም፤ ያላቀደው ደግሞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ይደግመዋል። አትላንቲክ ሲቲ ግን ሩቅ በመሆኗ ትባረክ። መኪና ውስጥ የተቀመጠ አምስት ሰው፣ ሰኞ ሥራ፣ እሑድ ቅዳሴ፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ወደ ቤቱ የሚጎትቱ ናቸው። በዚያ ላይ ፖቶማክ ባህር አይደለም።

ባህሩ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ ክርክር ትርፍ ይመስላል። እሱም ቢሆን ያቅድ። የከተማዋ ባህር ዳርቻ በነፃ ነው፤ በዚያ ጠረፍ ብዙዎቹ ከተሞች በበጋ ያስከፍላሉ፣ እሷ አታስከፍልም። ለምን አታስከፍልም ብሎ የጠየቀ ሰው ከአሸዋው ወጥቶ መጸዳጃ ቤት ሲፈልግ መልሱን ያገኘዋል፤ የአቅጣጫ ቀስቱ አብዛኛውን ጊዜ በማሽኖቹ መካከል ነው የሚወስደው። ቀኑን የሚሞላ ሌላ ነገር ግን ሞልቷል። በ1857 የተሠራው የአብሴከን መብራት ቤት 228 ደረጃ አለው፤ ወጥቶ የወረደ ሰው ቁማር የሚጫወትበት ጉልበት ያንሰዋል፣ ይህም ቁጠባ ነው። ዝሆኒቱም ሉሲ ተብላ ዛሬም ማርጌት ላይ ቆማለች፤ ስሟን ሰምቶ የእኛዋን የፈለገ ግን ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ። በከተማዋ ውስጥ ለመዘዋወር ከ1915 ጀምሮ የሚሠሩት ጂትኒዎች አሉ፤ መስመር ይዘው ሰው የሚያነሱ ትንንሽ ሚኒባሶች ናቸው፣ የእኛው ታክሲ በሉት፣ ረዳቱ ብቻ ነው የጎደለው።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት፣ ወደ ይሉኝታችን ልግባ። ፈረንጅ ሲሰለቸው ተነስቶ ይሄዳል። የእኛ ሰው አብሮ ከሄደ አብሮ ካልተመለሰ ነውር ነው፣ «እንሂድ» የሚለውን ቃል ደግሞ ማንም ቀድሞ መናገር አይፈልግም። ያሸነፈው ከተናገረ «ሲሞላለት ጥሎን ሄደ» ይባላል። የተሸነፈው ከተናገረ ሊታዘንለት ነው፣ መታዘን ደግሞ ከመሸነፍ ይብሳል። ያልተጫወተው ከተናገረ የደስታ ቀበኛ ነው። ስለዚህ ሁሉም በልቡ ቤቱን እያሰበ፣ በአፉ «ምን ቸኮላችሁ» እያለ ይነጋል። በመሀል አንዱ ቀስ ብሎ ጠጋ ይልና «ሃምሳ ዶላር አበድረኝ እስቲ» ይላል፤ ሰጪውም እንዳይመለስ እያወቀ «ምን ችግር አለ» ይላል። በእንዲህ ዓይነት ሌሊት የጠፋው ገንዘብ ቢመረመር ግማሹ በቁማር፣ ግማሹ በጨዋነት የጠፋ ነው። ሰዓቱ ግን ከቤት ሳይወጡ ከተቆረጠ «እንሂድ» ብሎ የሚናገረው ሰዓቱ ነው፤ ሰዓትን ማንም አይቀየመውም። «ደስታ በሰዓት ይለካል ወይ፣ ይህማ ሥራ ቦታ ነው» የሚለው ቅሬታ ይገባኛል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለው ቡድን ውስጥ ያለ ሰዓት የሚቀር ሰው ሲደሰት አላደረም፣ ሲጠብቅ ነው ያደረው።

በተግባር እንዲህ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት መነሳት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ይህ በጽሑፍ ይላክ። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ይንቀሳቀሳል፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ይገባል። ካዚኖ መግባት የሚፈቀደው ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ጠዋት የገባ ሰው ባህሩን የሚያየው በቦርድዎክ ፖስትካርድ ላይ ነው። የሚጠፋው ገንዘብ በጥሬው ተቆጥሮ ለብቻው ኪስ ይግባ፣ የባንክ ካርዱ መኪና ውስጥ ይቀመጥ፣ የመኪናው ቁልፍ ደግሞ ቁማር የማይወድ፣ በተለይም ኩርፊያ የማይፈራ ሰው ይያዘው። የዴላዌር ሜሞሪያል ድልድይ ክፍያም ተለይቶ ይቀመጥ፤ ድልድዩ የሚያስከፍለው ከኒው ጀርሲ ሲወጡ ብቻ ነው፣ ሲገቡ ማንም አይጠይቅም። ሁለት ሰዓት ሲሞላ አንዱ «አሁን ነው የሞላልኝ» ካለ እሰየው፣ ቤንዚኑን እሱ ይቀዳል። የተሸነፈው ከኋላ ወንበር ተጋድሞ ይተኛል። ሁሉም አሸነፍን ካሉ፣ ማለታቸውም አይቀርም፣ ቤንዚኑን እኩል ይካፈሉ።