ሰውን በአንድ ሥራ ቸንክሮ የማስቀረት ዘዴ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስም ይሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ሰውን በአንድ ሥራ ቸንክሮ የሚያስቀር መካሪ አይጠፋም። ጥበቡ ግን እስከ ዛሬ በቃል ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ ተተኪ እንዳይጠፋ ሰጋሁ። ለጀማሪዎች የሚሆን መመሪያ ያዘጋጀሁት ለዚህ ነው። ለነባሮቹ የምጨምረው የለኝም፤ አብዛኛውን የተማርኩት ከናንተው ነው።

መጀመሪያ ማዕረጋችሁን አስከብሩ። መካሪ የሚለካው በእውቀቱ ሳይሆን አሜሪካ በገባበት ዘመን ነው። 14ኛው ጎዳና ላይ ቆማችሁ «እኔ ስመጣ ይሄ ባቡር ጣቢያ የታለና! ታርጌቱስ የታለና!» በሉ። የኮሎምቢያ ሃይትስ ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ታርጌት ያለበት የገበያ ሕንፃ ደግሞ በ2008። ከሁለቱም በፊት የገባ ሰው ስለማንም ሕይወት ያለማስረጃ መበየን ይችላል። የዋሽንግተን ታክሲ በቆጣሪ ሳይሆን በዞን ሒሳብ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነድታችሁ ከሆነማ ሰበር ሰሚ ናችሁ፤ ከናንተ በኋላ ይግባኝ የለም።

ቀጥሎ ጥያቄው ነው። ሐዘን ቤትም ሆነ ክርስትና ላይ፣ የተጨባበጣችሁት እጅ ሳይላቀቅ «ለመሆኑ የት ነው የምትሠራው?» በሉት። «ምን ደስ ይልሃል?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ አደራ። ሊመልስላችሁ ይችላል፤ ከዚያ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል? አንዳንዱ ፈጣን ነው፣ ሳትጠይቁትም «ጋሼ፣ ቀን ክሊኒክ አስተረጉማለሁ፣ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ፣ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፣ ሲመቸኝ ደግሞ እጽፋለሁ» ይላችኋል። አትደናገጡ። ከአራቱ አንዱን አንሱና ሦስቱን ጣሉ። የሚነሳው መንዳቱ ነው። ወደ ጎረቤታችሁ ዘንበል ብላችሁ «ኡበር ነው» በሉና ወደ ሳህናችሁ ተመለሱ።

ስለ ጽሑፉ ደግሞ ካነሳባችሁ «ይሸጣል?» በሉት። ስለ ማስተማሩ ካነሳ «ይከፍሉሃል?»። ስለ አስተርጓሚነቱ ካነሳ «ኢንሹራንስ አለው? ጡረታ ያስቀምጡልሃል?»። በሦስት ጥያቄ ያልታጠፈ ሰው አላጋጠመኝም። ካጋጠማችሁም ችግር የለም፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤት ስታገኙት ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ጠይቁት። የዛሬ ዓመትም እንዲሁ። አንድ ቀን በራሱ አንደበት «አይ፣ ያው ኡበር ነኝ» ይላችኋል። ያን ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አድርጋችሁ «በርታ» በሉት።

ሥራ የሚመርጥ ወጣት እጃችሁ ከገባ የሰሞኑን ሙያ እዘዙለት። ይህች ከተማ እንደ ክረምትና በጋ የሚፈራረቅ የራሷ የሙያ ወቅት አላት። አንድ ሰሞን ሁሉም ሰው ነርስ መሆን ነበረበት፤ ደም ሲያይ ራሱን የሚስተውም ጭምር። ከዚያ ሶፍትዌር ፍተሻ መጣና ኮምፒውተር ከፍቶ መዝጋት የሚያውቅ ሁሉ «ኪው ኤ» ተባለ። ከዚያ ስክረም ማስተር። አሁን ሳይበር ሴኩሪቲ ላይ ነን። ልጁ ክራር ይጫወት፣ አናጢነት ይውደድ፣ የአረጋውያን ስብስብ ያስተባብር፣ መድኃኒቱ ያው ነው። «የእገሊት ልጅ እኮ የስድስት ወር ኮርስ ወስዳ መቶ ሺ ዘለለች!» የእገሊትን ልጅ ማንም አይቷት አያውቅም፤ ሁሉም ቤት ግን ስሟ ይነሳል። እናንተ ራሳችሁ ኮርሱን የመውሰድ ግዴታ እንደሌለባችሁ ግልጽ ይሁን። ልጁ በሁለተኛው ዓመት ገበያው ቀዝቅዞበት ቢመለስ «እኔ እኮ ነርሲንግ ነበር ያልኩት» ማለት ይበቃል።

እምቢ ያለውን «ከሁለት ያጣ ጎመን ትሆናለህ» በሉት። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለንም። ነገር ግን ይህን ከመናገራችሁ በፊት መደርደሪያችሁን ፈትሹና «ፍቅር እስከ መቃብር» ካለ ደብቁት። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ቅኔ የተማሩ፣ ቀጥሎ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው ያስተማሩ፣ ጣሊያን ሲመጣ የተዋጉ፣ ተይዘው ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ ዲፕሎማት ሆነው ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም እዚሁ ዋሽንግተን የሠሩ፣ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩ፣ ለንደን ላይ አምባሳደር የሆኑ ሰው ናቸው። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏቸው በ1958 ዓ.ም. ይህንኑ ልብ ወለድ አሳተሙ። ያኔ ዋሽንግተን ሳሉ «ልጅ ሐዲስ፣ አንዱን ያዝ እንጂ» የሚላቸው ደህና መካሪ አለመኖሩ ያስቆጫል። ቢኖር ኖሮ ጥሩ ጡረታ ያለው የኤምባሲ ሠራተኛ ሆነው ያርፉ ነበር፤ የመጽሐፉ በዛብህና ሰብለ ወንጌልም ባልጨቀጨቁን።

ልጁን ለምክር ስትወስዱት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት መንገድ ይቅርባችሁ። ከኮሎምቢያ ሃይትስ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው፣ መጥፎ ምሳሌም የሞላበት። መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1935 ከዚያ በሕክምና ተመረቁ። ልክ ክሊኒክ የሚከፈትበት ሰዓት ነው እንግዲህ! እሳቸው ግን ለጣሊያን ጦርነት አገር ቤት ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱን አከሙ፣ አስተረጎሙም። ተመልሰው መጥተው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ለማስተባበር በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፣ ጋዜጣም አቋቋሙ። በ1940 በአርባ ዓመታቸው ገደማ ሲሞቱ ሐኪም ይባሉ፣ ቀስቃሽ ወይስ ጋዜጠኛ፣ ለመካሪ የሚያስቸግሩ ሆነው ነው ያለፉት። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ደግሞ «ሳንኮፋ» አለ፤ ፊልም ሠሪውና ሃዋርድ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ከባለቤታቸው ጋር የከፈቱት መጽሐፍ ቤትና ካፌ። በ1993 የወጣውን ፊልማቸውን አከፋፋይ እምቢ ቢላቸው ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት። ልጁ ይህን ከሰማ አለቀላችሁ።

ባለታክሲ ለብቻው ይታይ። ባለታክሲ ሌላ ምንም ሊሆን የማይችል ሰው ነው፤ ይህ የመመሪያችን መሠረት ነው። ሻንጣችሁን ሊጭንላችሁ የመኪናውን ኋላ ሲከፍት ኪቦርድ ብታዩ «የልጁ ይሆናል» ብላችሁ እለፉ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ መጥተው እዚሁ ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት ቀረጹ። በኋላ ታክሲ ያዙ፤ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሳቸው ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለው አዲስ አልበማቸው ወጣ፣ የዓለም መድረክም ተከፈተላቸው።

ከዚህ የምንማረው ፈረንጅ እስኪያጨበጭብ መጠበቅን ነው። ፈረንጅ ካጨበጨበ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ አትዘግዩ። «እኔ እኮ ድሮም አውቃቸዋለሁ፣ ሂልተን ሲጫወቱ ጀምሮ!» በሉ። በተቻለ መጠን ፎቶ ተነሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ከእንዲህ ያለ ሰው ጀርባ ተቀምጠን ስንት ጊዜ ሄደናል? ስልካችን ላይ አፍጥጠን «በዚህ ግባ፣ በዚያ ውጣ» ከማለት በቀር አንድ ቀን «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» ብለን እናውቃለን? ሰውዬው እኮ ከፊታችን ነው የተቀመጠው! አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ! ምን ዓይነት ጉድ ነን?

ይቅርታ፤ ወደ መመሪያው።

ሴት ስትሆን ሥራው ቀላል ነው። ሌሊት ሆስፒታል የምታድር፣ ቀን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ እሑድ የምትዘምር፣ ግጥም የምትጽፍ፣ የዕቁቡን ሒሳብ የምትይዝ ብትሆን እንኳ «ልጆቹን ማን ይይዝልሻል?» ብሎ መጠየቅ ሁሉንም ያጠፋዋል። ባሏን ይህን ጥያቄ አትጠይቁት፤ ግር ይለዋል።

ራሳችሁን መቸንከር የምትፈልጉ ካላችሁ ማንም አያስፈልጋችሁም። «የተፈጠርኩበትን ነገር ገና አላገኘሁትም» እያላችሁ ፈልጉ። አንድ መሆን አለበት፤ ሁለት ከሆነ እሱ አይደለም። እስኪገኝ ድረስ የምትወዱትን ምንም ነገር አትንኩ። ቤቱ ተከፍሎ ሲያልቅ፣ ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ አገር ቤት ሲገባ ይደርሳል። መሰንቆው ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ እንግዳ ሲመጣ «አያቴ ይጫወት ነበር» ይባልለታል።

የመጨረሻውና ትልቁ ትእዛዝ፦ ሰውዬው ሲሞት ምስማሩን ንቀሉለት። በቁሙ «ኡበር ነው» ያላችሁት ሰው አስከሬኑ ፊት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ መምህር ይሁን፣ አስተርጓሚ ይሁን፣ ደራሲ ይሁን፣ «ለማኅበረሰባችን የማይተካ ሁለገብ አገልጋይ» ይሁን። በባለቀለም ወረቀት ከነፎቶው ይታተም። ግጥሞቹ በማን ወጪ ይታተሙ የሚል ኮሚቴ ይዋቀር፤ ኮሚቴው አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ይበተን። ያ «ይሸጣል?» ያለው ሰውዬ ማይክ ይዞ «ምነው ሳናውቅህ!» እያለ ያልቅስ። ሊያውቀው የሚችልበት ሃያ ዓመት ነበረው እኮ፤ ግን ሐዘን ላይ ነንና ይቅር።

የኔንም የሕይወት ታሪክ አንድ ቀን የሚጽፍ ከመካከላችሁ አይጠፋም። እባካችሁ ከአሁኑ ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ለሥራ ማመልከቻ እፈልገዋለሁ።