ሞተርህን ዳገት ላይ ለመጨረስ የሚረዱ አምስት ምክሮች

«ተው» ሲባል የሚተው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም አልተውኩም ነበር። ስለዚህ ይህን ምክር ገልብጬ እጽፈዋለሁ። ቱርቦ ባለው መኪናህ ላይ ቡስት ኮንትሮለር አስገጥመህ ሞተሩን ማቃጠል ከፈለግህ፣ ከዚህ በታች ያለውን አንድ ሳታስቀር ፈጽም። ካልፈለግህ ግን በየምክሩ ሥር ምክንያቱን ጽፌልሃለሁና ረጋ ብለህ አንብበው። ትምህርቱ የተገዛው በአጎቴ ልጅ ገንዘብና በእኔ ጥድፊያ ነው።

ነገሩ የሆነው የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ገና ሳይከለከል ነው። ሁለታችን ጅቡቲ ወርደን 1.5 ሊትር ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪና ከነፃ የንግድ ቀጠናው ተረከብን። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለዋለች መሪዋ እጅ ይፈጅ ነበር። ማታ ፒኬ 12 ላይ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያርፉበት ሰፈር፣ አንድ ሰው ከኪሱ አውራ ጣት የምታክል የነሐስ ዕቃ፣ ያንን ቡስት ኮንትሮለር፣ አውጥቶ አሳየን። «ፋብሪካው የደበቀባችሁን ጉልበት ይህች ታወጣዋለች» አለን። አመንነው።

አንደኛ፦ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ሳትጠይቅ አስገጥም።

ብጠይቅ ኖሮ መልሱ አጭር ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን የቱርቦ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው መዘውር አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ግፊቱ ልኩ ላይ ሲደርስ በአንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ በኩል ዌስትጌት ወደሚባለው በር ይደርሳል፤ በሩ ይከፈትና ትርፉ ጭስ መዘውሩን ሳይነካ ያልፋል። የነሐሷ ዕቃ የምትገባው እዚያች ቱቦ መካከል ነው። በውስጧ በሞላ የተገፋች ትንሽ ኳስ አለች። ዕቃዋ ላይ ያለውን ብሎን ባጠበቅህ ቁጥር ሞላው ይጠነክራል፣ ግፊቱም ወደ በሩ ሳይደርስ መንገድ ላይ ታግቶ ይቆያል። ተደብቆ የወጣ ጉልበት የለም፤ «በቃ» የሚለው መልእክት ነው የታፈነው።

ሁለተኛ፦ በጆሮህ ለካ፣ ቱቦውንም ሳታስር ተነሣ።

የግፊት ጌጅ አልገዛንም። ሰውየው ብሎኑን ግማሽ ዙር አጠበቀና «ስማው!» አለን፤ የቱርቦው ፉጨት ጠንከር ብሎ ተሰማ፤ ደስ አለን። ግማሽ ዙር በአንዱ ዕቃ ጥቂት፣ በሌላው ብዙ ሊሆን እንደሚችል ግን ጆሮ አይነግርህም። ከሁሉ የከፋው ቱቦው ነው። ማሰሪያ ሳይደረግለት በሙቀት ለስልሶ ከወለቀ፣ በሩ መልእክት ፈጽሞ ስለማይደርሰው እንደተዘጋ ይቀራል፤ ግፊቱም ያለ ልክ ይወጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ሦስተኛ፦ ሙቀቱን ናቀው።

አየር ሲታመቅ ይግላል። የጅቡቲ ሙቀት 42 ዲግሪ ሆኖ ቱርቦው አየሩን በእጥፍ ሲያምቀው፣ ከቱርቦው የሚወጣው አየር ወደ 140 ዲግሪ ይጠጋል። ኢንተርኩለሩ ያቀዘቅዘዋል፤ ነገር ግን እሱም የሚቀዘቅዘው በዚያው 42 ዲግሪ አየር ነው። ትኩስ አየርና ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ሲጨመቁ፣ የካንዴላው እሳት ለኩሶት ገና እየነደደ ሳለ ከዳር ያለው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። ይህ ነው ማንኳኳት የሚባለው፤ ፒስተኑን በመዶሻ እንደመምታት ያለ ነው። ከዲኪል እስከ ጋላፊ ባለው መንገድ ላይ ከሞተሩ ትንሽ ቅጭልጭልታ ሰምተን «የመንገዱ ጠጠር ነው» አልን። ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ ነዳጅ ሲቆርጥ «ሴንሰሯ ተበላሽታለች» አልን። ኮምፒዩተሩ ግን ሊያድናት እየሞከረ ነበር።

አራተኛ፦ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ያጠበቅኸውን ብሎን ሳትነካ ዳገት ውጣ።

ሞተር የሚያልቀው እዚህ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ፣ በሰመራና በሚሌ ዝቅተኛ ሜዳ አልፎ፣ አዋሽ ላይ ወደ 1,000 ሜትር፣ አዳማ ላይ ከ1,600 በላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 2,400 ሜትር ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ብሎኗ ግን ይህን አታውቅም፤ የምታውቀው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ 1 ባር ትርፍ ለመስጠት ቱርቦው አየሩን በ2 እጥፍ ያምቃል። አዲስ አበባ ላይ ያንኑ 1 ባር ለመስጠት በ2.3 እጥፍ ማመቅ አለበት። ከ100,000 በላይ ዙር በደቂቃ የሚሽከረከር ዘንግ ከዚያም በላይ እንዲሮጥ ይገደዳል። የብዙ የዛሬ መኪኖች ኮምፒዩተር ግን ከፍታውን በሴንሰር እያነበበ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይሮጥ።

በ1918 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ቱርቦ የተገጠመለት የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ፣ 4,300 ሜትር ላይ አውጥቶ ፈተነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ በቱርቦ ግን 356። ሞስ ተራራ ላይ የወጣው ከፍታ የወሰደውን አየር ቱርቦ ሊመልስ እንደሚችል ለማሳየት ነበር። ፋብሪካው በቱርቦህ ውስጥ የተወው ትርፍ አቅምም ለዚሁ የተያዘ ስንቅ ነው። እኛ የዳገቱን ስንቅ ባሕር ዳርቻ ላይ ቁጭ ብለን በላነው።

ወለንጪቲን አልፈን ወደ አዳማ ስንወጣ በኋላ መስታወት ሰማያዊ ጭስ አየሁ። ጉልበቷ ሞተ። አዳማ ያገኘነው መካኒክ የአየር ቱቦውን ፈታና «እጅህን አምጣ» አለኝ። የቱርቦውን ዘንግ በሁለት ጣቴ ያዝኩት፤ እንደ ልጅ ወተት ጥርስ ወዲያ ወዲህ ይላል። መዘውሩ ግድግዳውን ልጦታል። ቴስታታው ተነሥቶ ፒስተኖቹ ሲወጡ ደግሞ ሁለተኛው ፒስተን በፋሻዎቹ መካከል ጠርዙ ተሰብሮ ተገኘ፤ ያ ጠጠር ያልነው ድምፅ ማንኳኳቱ ነበር። የአጎቴ ልጅ ምንም አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛ፦ ዳገት እንደወጣህ ወዲያው ቁልፉን ንቀል።

ይህንንም አዋሽ ላይ፣ ምሳ ስንበላ አድርገነዋል። ቱርቦው እንደ ፍም ግሎ ሳለ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ ዘንጉ ዙሪያ የቀረው ዘይት እዚያው አርሮ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ የዘይቱን መንገድ ያጠባል፤ በሚቀጥለው ዳገት ዘንጉ በደረቁ ይሽከረከራል።

በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች። ያለህን ሞተር ብታቃጥለው ሌላ የነዳጅ መኪና ከጅቡቲ ወርደህ የምታመጣበት ዘመን አልፏል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ቃሌን ከዚህ በኋላ ሳልገለብጥ ልንገርህ። ያቺን ዕቃ ፍታትና የፋብሪካውን ቱቦ መልስ። የአፋርን አቧራ ከኢንተርኩለሩ ላይ እጠብ፣ የአየር ማጣሪያውን ቀይር። ዳገት ወጥተህ ስትቆም ሞተሩን ሁለት ደቂቃ ሳትረግጥ አሠራው። ከዚህ በላይ ጉልበት የግድ ከፈለግህ ከጌጁ፣ ከነዳጁና ከኮምፒዩተሩ ጋር አስማምቶ፣ በምትኖርበት ከፍታ ለክቶ የሚያስተካክል ባለሙያ ፈልግ፤ ብሎን ከኪሱ የሚያወጣ ሰው አይደለም።

መኪናዋ በብዙ ወጪ ተጠግና በፋብሪካው ልክ ዛሬም ትሠራለች። የአጎቴ ልጅ ከቆላ ሲመለስ አዳማ ላይ ቆሞ ዘይቷን ያያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣል። አዲስ አበባ ሲገባ ሁልጊዜ ይደውልልኛል፤ «ስንቋ አላለቀም» ይለኛል።