ቆሞ የከረመ ኤስፓዳ

ላምቦርጊኒ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው ነው። እኔ ልቤን የጣልኩት ኤስፓዳ ላይ ነው። አራት ሰው ይዞ አገር ለአገር እንዲሄድ የተሠራ መኪና ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1978 ድረስ ከፋብሪካ የወጣውም 1,200 ገደማ ብቻ ነው። ቅርጹን ያወጣለት፣ ላምቦርጊኒ ሚዩራን የነደፈው የበርቶኔ ንድፍ ቤቱ ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው።

የአጎቴ ልጅ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ የአሮጌ መኪና መካኒክ ነው። በሐምሌ ልጠይቀው ሄጄ ሳለ፣ ደንበኛው የሆኑ አንድ አዛውንት ኤስፓዳቸውን ይዘው ሞዴና ላይ ከሌሎች የአሮጌ መኪና ሰብሳቢዎች ጋር ምሳ ሊበሉ ተነሡ። «ጋሼ፣ አብረን እንሂድ፤ ኋላ ቦታ አለ» አለኝ የአጎቴ ልጅ። የሰውየው ባለቤት ከጎኔ ተቀመጡ። ልጆቻቸው ትንንሽ ሳሉ በዚሁ መኪና ባሕር ዳርቻ ይወስዷቸው እንደነበር እያጫወቱኝ ቪያ ኤሚሊያን ያዝን።

ካስቴልፍራንኮ ኤሚሊያ ልንደርስ ስንል ሞተሩ ይቆራርጥ ጀመር። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ይወጣል። ጥግ ይዘን ቆምን። ወዲያው ከኋላችን የነበሩ ሁለት ሰብሳቢዎች ምሳቸውን ትተው ወረዱ፤ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ሐብሐብ ይዞ መጣ።

ሞተሩ ሲበርድ የአጎቴ ልጅ ኮፈኑን ከፈተ። ስድስት ዌበር ካርቡራተር አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት አፍ፣ ለ12ቱ ሲሊንደር አንድ አንድ አፍ ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን ፈትቶ ሞተሩን አስነሣና የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን በየአፉ እያስጠጋ አየር ሲሳብ ያዳምጥ ገባ። አንዱ ጋ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩን አጥፍቶ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቁራጭ አወጣ። ቀዳዳዋ ፀጉር የምታስገባ አትመስልም፤ ዝቃጭ ደፍኗታል። እፍ እፍ ብሎ ጠርጎ መለሳት።

«ከመስከረም ወዲህ አልተነሣማ» አለኝ። ቤንዚን ሲቆም ሙጫ ይሠራል፣ ጎሚኒ ይደርቃል፣ የፍሬኑ ፒስተን ይይዛል። መኪናን የሚገድለው መንገድ ብቻ አይደለም፤ መቆምም ይገድለዋል።

ሞዴና ስንደርስ ምሳው አልቋል። ቅር አላለኝም። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰብሳቢ የምለው፣ ዋጋ እስኪወጣ ብሎ ጨርቅ አልብሶ የሚቆልፈውን አይደለም። ሰው አሳፍሮ የሚወጣውን፣ ሌላው ሲቆምበትም አብሮ የሚቆመውን ነው። አዲስ አበባም ግቢያቸው ውስጥ የአባታቸውን ፊያት ሸራ አልብሰው ያስቀመጡ ብዙ ናቸው። እባካችሁ መካኒክ ጥሩና አስነሡት። ከዚያ እናታችሁን ፊት፣ ልጆቻችሁን ኋላ አድርጋችሁ ቢሾፍቱ ድረስ ውሰዷቸው።