የሶላር ፓኔል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብትን ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ፀሐይ ከጅሌ ጥሙጋ እስከ ባቲ፣ ከአርጡማ ፉርሲ እስከ ደዌ ሐረዋ ያለ ቆጣሪና ያለ ወርኃዊ ክፍያ እያበራች ሳለ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሞቃት የዋለው ሶላር ግን ማታ አንድ አምፖል ማብራት እያቃተው በመምጣቱ፤

በ2011 ዓ.ም. የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ከአገሪቱ ሕዝብ 35 በመቶ ለሚሆነው ከዋናው መስመር ውጪ፣ በተለይም በሶላር፣ መብራት ለማዳረስ ያቀደ ቢሆንም፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ፓኔል ሁሉ መብራት አለመሆኑን በከሚሴ ዙሪያ ያሉ ባለቤቶች በየምሽቱ እየተረዱት በመሆኑ፤

መብራት በጠፋ ቁጥር ጥፋቱ ሳይመረመር በፓኔሉ፣ እርሱ ካልበቃም በሰው ዓይን እየተላከከ፣ እውነተኞቹ ጥፋተኞች ግን አልጋ ሥር በተቀመጠ ባትሪና በዛገ ሽቦ ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩበት ሁኔታ ሊቆም የሚገባው በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የፓኔል ንጹሕነት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ ከኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ጋር እንዳይምታታ ሲባል ቁጥር አልተሰጠውም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«ኮንትሮለር» ማለት ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል እየመጠነ ለባትሪው የሚያቀብል፣ ባትሪው ሲሞላ መሙላቱን የሚያቆም፣ ሲደክም ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ መብራቱን የሚቆርጥ ትንሽ ሳጥን ነው። «ቴስተር» ማለት ቮልት የሚለካ፣ ዝምድናም ጉቦም የማያውቅ ምስክር ነው። «ባለሙያ» ማለት መሰላል ከመጠየቁ በፊት ቴስተሩን የሚያወጣ ሰው ሲሆን፣ ገና ከደጃፍ ሳለ «ፓኔሉ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» የሚለው ሰው ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ነጋዴ ተብሎ ይቆጠራል።

አንቀጽ 3፦ የፓኔሉ መብት

የሚንቀሳቀስ አካል የሌለውና በደንብ ከተሠራ ከሃያ ዓመት በላይ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ማንኛውም ፓኔል በልኬት ጥፋተኛነቱ እስካልተረጋገጠ ድረስ ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል። ባለቤቱ አዲስ ለመግዛት ፍየሉን ነድቶ ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ከመሄዱ በፊት ፓኔሉን ከኮንትሮለሩ ነቅሎ በጠራ ፀሐይ እንዲለካ ይገደዳል፤ ባለ 12 ቮልት የሚባለውና 36 ሴሎች ያሉት ፓኔል በዚህ ጊዜ ከ18 እስከ 22 ቮልት ካሳየ ምርመራው ወደ ታች፣ ወደ ሽቦውና ወደ ባትሪው ይወርዳል።

ቮልቱ ደኅና ሆኖ ኃይሉ ከደከመ ግን ጥላ ይፈለጋል። ሴሎቹ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ጥቁር ቁርጥራጮች፣ በአንድ ሰልፍ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲጨልም የሌሎቹንም ፍሰት ስለሚያንቅ፣ ፓኔሉ ሲተከል ያልነበረ የግራር ቅርንጫፍ ወይም ዘግይቶ የመጣ የጎረቤት ዲሽ በቂ ተጠርጣሪ ነው። የጤፍ ውቂያ ሲደርስ በመስተዋቱ ላይ የሚጋገረው የገለባ ብናኝም ከጥላ አይተናነስም፤ የሚታጠበውም በማለዳ፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ እንጂ በቀትር አይደለም፤ በጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላልና። አሸዋና አመድ ለብረት ድስት እንጂ ለፓኔል አልተፈቀዱም።

ሙቀትን ከብርሃን ጋር ማምታታትም የተከለከለ ነው። ፓኔል የሚወደው ብርሃንን ብቻ ሲሆን፣ ገላው ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በከሚሴ ቆላማ ሙቀት ከቆርቆሮ ጋር አጣብቆ መምታት እንደ ማሠቃየት ይቆጠራል፤ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተውለት።

አንቀጽ 4፦ ስለ እውነተኞቹ ተጠርጣሪዎች

የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል፤ ባዶውን ለሳምንታት ከተተወ ደግሞ ውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች በጨው መሰል ንጣፍ ስለሚሸፈኑ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ፀሐይ ቢያጠጡት አይጠጣም። ለአንድ አምፖልና ለስልክ ቻርጅ ተገዝቶ ቴሌቪዥን የተጨመረበት ባትሪ ቢሞት፣ ሟቹ በሥራ ብዛት እንደሞተ ይመዘገባል። በባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ማብቀል፣ ቀጭን ሽቦን በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል፣ የተቃጠለ ፊዩዝን በሲጋራ ብርማ ወረቀት መተካት በጥብቅ የተከለከሉ ናቸው፤ የመጨረሻው ቤት ያቃጥላል። መስመር ሲነቀል ፓኔሉ ይቀድማል፣ ባትሪው ይከተላል፤ ሲገጠም ግን ባትሪው ይቀድማል፤ ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ኮንትሮለሩን በገዛ ኪሱ ይተካል።

አንቀጽ 5፦ የበላይነት

በአዋጁ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢፈጠር ቴስተሩ ያሳየው ቁጥር የበላይ ይሆናል። ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም የሻጭ መሐላ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ባይወጣም ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሌሊት በባትሪ መብራት ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚደረግ የፓኔል ምርመራ ግን ፈራሽ ስለሆነ፣ ባለቤቶች እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲታገሡ ይጠየቃሉ።