ሳይሄድ የሚደክመው ልጄ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔው ጉድ በጥር መጣ፣ ያውም ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት፣ ጠዋት ወተት ላወጣ ስሄድ «የዘንድሮ ግቦች» የሚል ወረቀት አየሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የቤት ዕዳ ስለመጨረስ ይሆናል ብዬ መነጽሬን አደረግሁ። ምን ላንብብ? 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና ከ40 ደቂቃ በታች፤ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ከ3 ሰዓት በታች፤ ከዚያ 21 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ «ምንም ሳልራመድ»። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ተከታትለው! ሰኔ ላይ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኬምብሪጅ ከምትባል ከተማ ሄዶ ቾፕታንክ ወንዝ ሊገባ ነው። «አባባ፣ አይጨነቁ፣ ይሄ እኮ ግማሹ ነው» አለኝ።

ሙሉው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ውስጥ ነው አሉ። ዋናተኛ ይበረታል፣ ሯጭ ይበረታል፣ ብስክሌተኛ ይበረታል ብለው ተከራክረው ሦስቱን አንድ ላይ ሰፉት። 15 ሰው ጀመረ፣ 12 ጨረሰ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክርክር ጠላ ቤት ተጀምሮ ጠላ ቤት ያልቃል፤ ባሕር የሚገባ የለም።

ብስክሌት አያውቅም እንዳትሉኝ። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ድረስ ሄዶ ለአገሩ የጋለበበት ዘመን ልጅ ነኝ። ያ ብስክሌት ግን ይሄድ ነበር! የልጄ ብስክሌት የኋላ ጎማው ተፈትቶ ምድር ቤት ተቸክሏል። ሌሊት 11 ሰዓት ዳዊቴን ስደግም ከእግሬ ሥር እንደ ወፍጮ ያጓራል። አንድ ቀን ወረድኩ። ላቡ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል፤ ፊቱ ያለው ስክሪን ዳገት ያሳየዋል።

«የት ደረስክ?» አልኩት።

«210 ዋት።»

እኔ ዋት የማውቀው በአምፖል ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ 210 ዋት መግፋት ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግብ 235 ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ኃይል እያመነጨ የመብራት ሒሳብ የምንከፍለው ለምንድን ነው?

ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስለው ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ «ደህና አልተኛሁም» ይለኛል። የተኛው እሱ፣ ምስክሩ ሰዓቱ። እግሩን መላጨቱን አላነሳም፤ እናቱ ብታይ ኖሮ...

ባለፈው ቅዳሜ «አባባ፣ ዚፑን ይሳቡልኝ» አለ። ጥቁር የላስቲክ ልብስ ለብሷል፣ አንገቱን ቫዝሊን ቀብቶታል። ከውሃ ወጥቶ፣ ያን አውልቆ፣ ብስክሌቱን እስኪይዝ ያለው ጊዜም ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሰዓት እንድይዝለት ደጅ አቆመኝ። በውሃ ጎማ ራሱን አርሶ ሮጠ። ላስቲኩ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጣብቆ እንቢ አለ። በአንድ እግሩ እየዘለለ ሄዶ የጎረቤታችን የአበባ መደብ ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ ወጥታ «ምን ሆኖ ነው?» ብትለኝ፣ ባለችኝ እንግሊዝኛ «ሥራ ፈቶ ነው» አልኳት።

እኔ በልጅነቴ ጎጃም፣ በክረምት ሙጋ ወንዝን ዋኝቼ፣ ዳገቱን ሮጬ ትምህርት ቤት ደርሻለሁ፤ ቅዳሜም በቅሎ ጋልቤያለሁ። ሜዳሊያ ማን ሰጠኝ? አረፈድክ ተብዬ ተገረፍኩ።

የላስቲኩ ነገር በመጀመሪያው ቀን 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ። ከግራ እግርህ ጀምር ብዬው ትናንት 2 ደቂቃ ከ50 ገባ፤ ወረቀቱ ግርጌ በእርሳስ ጽፌዋለሁ። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው፦ መኪናው ውስጥ ብስክሌቱ ይተኛል፣ ልጆቹና ሚስቱ ይገባሉ፣ ለእኔ ቦታ የለም። ሰኔ ላይ፣ የውድድሩ ዕለት ሌሊት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኬምብሪጅ የሚነዳ ወገን ካለ አንድ ወንበር ይያዝልኝ። ዳቦ ቆሎውን እኔ እይዛለሁ።