«ቪትዟን ግዛት» ያለኝ ማን ነው?

ጸሎት ላይ ስቆም የሚመጣልኝ ድምፅ ጠባዩ የታወቀ ነው። አነጋገሩ ቁርጥ እኔን ነው። የጠላኋቸውን ይጠላል፣ የተመኘሁትን ይመኛል፣ የመኪና ዋጋ ደግሞ ከደላላ በላይ ያውቃል። ባለፈው ፍልሰታ፣ ውዳሴ ማርያሜን ሳልጨርስ፣ «ያቺን ቪትዝ ግዛት» አለኝ። ማን ይሆን የተናገረኝ ብዬ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ከፈጣሪ በቀር የኔ የታክሲ ሰልፍ ማንን ያሳስበዋል?

በማግስቱ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ «ለወንድምህ ደውልለት» የሚል መጣ። ከወንድሜ ጋር በእናታችን ግቢ ባለችው ሰርቪስ ቤት ኪራይ ሰበብ ከተኳረፍን ሰንብተናል። ይህን ጊዜ ድንገት ሊቅ ሆንኩ። ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች መጻፉ ትዝ አለኝ። ሆድ ባዶ ሲሆን ጭንቅላት ብዙ እንደሚያወራም አሰብኩ። አማተብኩና አሳለፍኩት። ለቪትዟ ድምፅ ማማተብም አላስፈለገኝም ነበር።

መለየቱ ለታላላቆቹም ቀላል አልነበረም። ብላቴናው ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ስሙ ሲጠራ፣ የካህኑ የዔሊ ድምፅ እየመሰለው ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሮጧል። ዔሊም ቢሆን፣ ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ካህን፣ ነገሩ የገባው በሦስተኛው ነው። ሂድና ተኛ፣ ደግሞ ከጠራህ እንዲህ ብለህ መልስ ብሎ አስተማረው። ልጁ ታዲያ ምን ሰማ? በዔሊ ቤት ላይ የተቆረጠ ፍርድ! መስማት ያስተማረው ሽማግሌ ቤት ሊፈርስ ነው። ሳሙኤል መናገሩን ፈርቶ እስኪነጋ ተኛ፤ ዔሊ ግን አንዲት ቃል እንዳትደብቀኝ ብሎ አወጣጣው። እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ብላቴና ስለ አሳዳጊው እንዲህ ያለ ነገር ከሆዱ አያወጣም። ዮናስም ነነዌ ሂድ ሲባል ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። የገዛ ሐሳቡ ቢሆንማ መጀመሪያውኑ ተርሴስ ሂድ ይለው ነበር። የኔ ድምፅ እስከ ዛሬ ነነዌ ልኮኝ አያውቅም።

ምልክት መጠየቅም አለ። ጌዴዎን የበግ ጠጕር አውድማ ላይ አኑሮ፣ ጤዛው በጠጕሩ ላይ ብቻ ይሁን፣ ምድሩ ይድረቅ አለ፤ ሆነለት። ገልብጦ ጠየቀ፤ ያም ሆነለት። እኔም «ቪትዟ ፈቃድህ ከሆነች ቀጥሎ የሚመጣው ሚኒባስ መገናኛ የሚል ይሁን» ብዬ ተሳልኩ። የቆምኩት የመገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ነበር። መገልበጡን አልሞከርኩትም።

የሚጎመዝዘው ሁሉ ከላይ ነው ማለትም ግን አያዋጣም። አንዲት ጎረቤታችን ጾም በገባ ቁጥር «መድኃኒትሽን ተይ» የሚል ይሰማቸዋል። የንስሐ አባታቸው ዋጪ ብለው ገዝተዋቸዋል፤ ደግ አደረጉ። ጭንቀትም አንደበት አለው፣ ያውም ከምኞት የባሰ ለፍላፊ።

ከሁሉ የማደንቀው የበረሃ አባቶች ታሪክ ውስጥ ያለውን መነኩሴ ነው። ሰይጣን በመልአክ አምሳል ተገልጦ ገብርኤል ነኝ፣ ወዳንተ ተልኬ መጣሁ ሲለው፣ ምናልባት የተላክኸው ወደ ሌላ ሰው እንዳይሆን፣ እኔ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም ብሎ መለሰለት። ወዲያው ጠፋ። እኔ ብሆን ምነው ዘገየህ እለው ነበር።

በመጨረሻ ነገሩን ለንስሐ አባቴ አቀረብኩ፤ ያው የመኪናዋን ብቻ።

«ግዛት ሲልህ ገንዘቡን ከየት እንደምታመጣ ነገረህ?» አሉኝ።

«እሱን አልተናገረም አባ።»

«እንግዲያ ደላላ ነው።»

ጢማቸውን እየዳሰሱ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይልቅ ዛሬ ማታ ለወንድምህ ደውልለት» አሉ።

ክው አልኩ። ስለ ወንድሜ ትንፍሽ አላልኩም። መስቀላቸውን ተሳለምኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አባ፣ ይህን የገለጠልዎ እግዚአብሔር ነው?» አልኳቸው።

«እናትህ ናት» አሉ። «እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ይዛኝ ስታለቅስ ነው የዋለችው።»