ስለ ብስክሌትና ስለ መኪና አብሮ መሄድ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ በጆሮህ ማዳመጫ የሰካህ ነቅለህ ስማ!

እኛ፣ ከእግረኛ በላይ ከባጃጅ በታች የሆንን፣ በሁለት ጎማና በአንድ ካቴና የምንተዳደር፤

መንገድ የሁሉ ስለሆነ፣ የሁሉ የሆነውን ደግሞ ቀድሞ አፍንጫውን ያስገባ ስለሚወስደው፤

መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ፔዳል እየረገጠ የሚወጣ ሰው ለስድብ መልስ የሚሆን ትንፋሽ ስለማይተርፈው፤

በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞቻችን አገር ወክለው እየተወዳደሩ፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. እስከ ቱር ደ ፍራንስ ድረስ ዘልቆ እያለ፣ ዛሬ ብስክሌት ላይ የታየ ጎልማሳ ሁሉ «ምነው፣ መኪናውን ሸጠው እንዴ?» እየተባለ ከንፈር ስለሚመጠጥለት፤

በ1956 ዓ.ም. ተሽከርካሪ ሁሉ ግራውን ትቶ ቀኙን እንዲይዝ ሲታዘዝ፣ ትእዛዙ እስከ ዛሬ ያልደረሳቸውና ነገሩ እስኪጣራ መሐሉን ይዘው የሚጠብቁ አሽከርካሪዎች ስላሉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «እኔም ነፍስ አለኝ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ፍሬቻ» ማለት አሽከርካሪው ከታጠፈ በኋላ መታጠፉን ለታሪክ የሚያስመዘግብበት መብራት ነው፤

«ክላክስ» ማለት «ሂድ»፣ «ቁም»፣ «እንዴት አደርክ» እና «ዓይን የለህም ወይ» የሚሉትን በአንድ ድምፅ የሚናገር መሣሪያ ነው፤

«ወራጅ አለ» ማለት ሚኒባስ ከመሐል መንገድ ወደ ቀኝ ዳር ሊወረወር መሆኑን የሚያበስር ብቸኛ ምልክት ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ አይሰማም፤

«የብስክሌት መስመር» ማለት በኮሪደር ልማት የተዘረጋ፣ ሰው ፎቶ የሚነሣበት፣ ሕፃናት መራመድ የሚለማመዱበት፣ አልፎ አልፎም ብስክሌት የሚያልፍበት ስፍራ ነው፤

«ብስክሌት» ማለት ተሽከርካሪ ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ የሚጨመርበት የለም።

አንቀጽ 3፤ የብስክሌተኛ ግዴታ

ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት የራሳችንን ጓዳ እንጥረግ።

ብስክሌተኛ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይነዳል። «ፊት ለፊት ስመጣ አየዋለሁ፣ ያየኛል» የሚለው ክርክር ተሰምቶ ውድቅ ሆኗል። ከቅያስ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር የሚያየው ወደ ግራ ነው፤ መኪና የሚመጣው ከዚያ ነዋ። አንተ በቀኙ ከች ስትል የሚያይህ በፓራውልቱ ነው።

ቀጥ ብሎም ይነዳል። በቆሙ መኪኖች መካከል ባገኘው ክፍተት ሁሉ እየተሸጎጠ፣ መልሶ ብቅ የሚል ብስክሌተኛ ለራሱ ትሑት ይመስለዋል። ለሾፌሩ ግን ጠፍቶ የነበረ፣ አሁን ደግሞ ከመሬት የፈለቀ ፍጡር ነው።

ሊታጠፍ ሲል አስቀድሞ ወደ ኋላ ያያል፣ ቀጥሎ እጁን ይዘረጋል። ሲመሽ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያበራል፤ ስልክ በጥርስ ነክሶ መንዳት መብራት ተብሎ አይቆጠርም።

ቀይ መብራት አይጥስም። የጣሰው የሚያመጣውን ስድብ ራሱ አይበላውም፣ እሱማ ሄዷል። የሚበላው ከኋላ መጥቶ በሥርዓት የቆመው ምስኪን ነው። ይህ ድንጋጌ በጀርባቸው የምግብ ሳጥን የተሸከሙትንም ይጨምራል፤ ፒዛው ይቀዘቅዛል፣ ይቀዝቅዝ።

አንቀጽ 4፤ ስለ በር

መኪና ዳር ይዞ ቆሟል። የፍሬኑ መብራት ገና አሁን ነው የጠፋው። በኋላው መስታወት የአንድ ሰው ጭንቅላት ይታያል፤ አቀርቅሯል፣ ስልኩ ላይ ነው። ብስክሌተኛ ማንበብ ያለበት ይህንን ነው። ያ ጭንቅላት ቀና ሲል ግራ እጁ እጀታውን ይስባል፣ በሩም እስከ ማጠፊያው ድረስ ይበረገዳል። በዚህ ከተማ በር በግማሽ የሚከፍት ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ስለዚህ ብስክሌተኛ ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ከኋላው ያለው «ዳር ያዝ!» እያለ ክላክሱ ላይ ቢተኛም አይጠጋም፤ ዳር የሚባለው ቦታ የበሩ ግዛት ነው። ከኋላ የሚመጣው ሾፌርም ምክንያቱን ይወቅ፦ ሰውዬው መሐል የገባው መንገዱን ደፍሮ አይደለም፣ በር ሸሽቶ ነው።

ባለ መኪናው በበኩሉ ከዛሬ ጀምሮ በሩን በቀኝ እጁ ይከፍታል። ይሞከር። ቀኝ እጅ ወደ ግራው በር ሲሻገር ትከሻ አብሮ ይዞራል፣ ትከሻ ሲዞር ዓይን ስፖኪዮውን አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። በጀት አይጠይቅም፣ ሥልጠና የለውም፣ አበልም አይከፈልበትም። ምናልባት እስካሁን ያልተለመደውም ለዚህ ይሆናል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ሚኒባስ

ረዳቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «አንተ! ሜዳ ሄደህ ንዳ!» ቢል የሚፈቀደው መልስ «እሺ ወንድሜ፣ ወዴት ልትገቡ ነው?» የሚለው ብቻ ነው። ያኔ ረዳቱ እጁን ይዘረጋል። እውነቱን እንናገርና በአዲስ አበባ ከረዳት እጅ የበለጠ የሚታመን ፍሬቻ የለም፤ ከተዘረጋ መኪናው በእርግጥ ይገባል። ብስክሌተኛውም ፍጥነቱን ቀንሶ ያስገባዋል፣ አመሰግናለሁ ሲባል ደንግጦ እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ።

ተሳፋሪ ሊያወርድ የቆመ ሚኒባስ በቀኝ በኩል አይታለፍም። ተንሸራታቹ በር የሚከፈተው ወደዚያ ነው፤ የሚወርዱት እማማም ዓይናቸው ዘንቢላቸው ላይ ነው፣ ተገቢውም እሱ ነው።

አንቀጽ 6፤ ስለ ሲኖትራክ

ሕዝቡ ለዚህ ተሽከርካሪ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እኛ የምንጨምረው የለንም። ሾፌሩ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሩቁን አጥርቶ ያያል፤ በቀኝ ጎማው አጠገብ ያለው ብስክሌተኛ ግን ለእሱ አልተወለደም። በስፖኪዮው ውስጥ የሾፌሩ ፊት ካልታየህ አንተም አትታየውም። መስቀለኛ ላይ ወደ ግራ ሰፋ ሲልልህ ቦታ የለቀቀልህ አይምሰልህ፤ ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ወደ ግራ ነው የሚጀምረው። ከኋላው ቆመህ ጠብቅ። ጭሱን ብትጠጣም ጠብቅ።

አንቀጽ 7

ይህ አንቀጽ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል በመሆኑ ተዘሏል። አንባቢ በግራ በኩል ይለፈው፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ዞር ብሎ ከኋላ የሚመጣውን ይይ።

አንቀጽ 8፤ ስለ ዝምተኛ መኪኖች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል። ለሳንባችን መልካም ነው። ጆሯችን ግን ሥራ ፈትቷል፤ ቀድሞ አሮጌ ላዳ ከሩቅ እየተንኳኳች «መጣሁ፣ መጣሁ» ትል ነበር፣ አዲሱ መኪና እንደ ድመት ነው የሚመጣው። ስለሆነም የብስክሌተኛ አንገት ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት መዞር አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ነጂም ብስክሌት ሲያልፍ አንድ ሜትር ተኩል ይተዋል፤ ቦታ ከሌለ ከኋላ ይቆያል። የሚከስረው ጥቂት ሰከንድ ነው፣ እሱንም መብራት ላይ ቆሞ ሲመነዝረው እናያለን።

አንቀጽ 9፤ ስለ እግረኛ

ለመኪና የምንጮኸውን ያህል እግረኛ በእኛ ላይ ቢጮህ እውነት አለው። በብስክሌት መስመር ላይ ቤተሰቡን ይዞ የሚንሸራሸር አባወራ ሲያጋጥም ደወል አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ይደወላል፤ «ጋሼ፣ በግራ በኩል ልለፍ» ይባላል፤ እስኪሰበሰቡም ይጠበቃል። ልጆቹ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚሮጡ ወላጆቻቸውም አያውቁትም። ዜብራ ላይ መቆም የመኪና ብቻ ግዴታ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር እሑድ ጠዋት በተዘጋ ጎዳና ላይ እጅ ለቆ መንዳት የተቻለው ሁሉ ሰኞ እጁን ወደ መሪው ይመልስ።

አንቀጽ 10፤ ቅጣት

ብስክሌተኛን ገፍትሮ፣ ክላክስ አስጩሆ ያለፈ አሽከርካሪ በሚቀጥለው መብራት ላይ ከዚያው ብስክሌተኛ ጎን ይቆማል። ይህ ዛሬም በየቀኑ እየተፈጸመ ያለ በመሆኑ አዲስ አስፈጻሚ አካል ማቋቋም አላስፈለገም። መስታወት መዝጋት፣ ስልክ የመጣ ማስመሰል ወይም ሬዲዮ መነካካት ቅጣቱን አያስቀርም። ብስክሌተኛውም በዚህ ጊዜ ጣራ መምታት፣ ስፖኪዮ ማጠፍና ዘር መቁጠር ተከልክሎ፣ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ «ሰላም ነው ጋሼ?» ይላል። ከዚህ የከፋ ቅጣት ሕግ አያውቅም።

በክረምት ኩሬ ውስጥ በፍጥነት ገብቶ ሰው ያጠበ፣ የልብስ ማጠቢያውን ይከፍላል።

አንቀጽ 11፤ የተሻሩ ሕጎችና የተፈጻሚነት ወሰን

«ቅድሚያ ለገዘፈ» የሚለው ያልተጻፈ ሕግ ተሽሯል። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ቀድሞ ለገባ ነው፤ ቀድሞ የገባው ሁለት ጎማ ብቻ ቢኖረውም።

ይህ አዋጅ ኮድ 4ን ይጨምራል። (ይህ ዓረፍተ ነገር በረቂቁ ውስጥ በተደጋጋሚ ወጥቶ በተደጋጋሚ ተመልሷል።)

አንቀጽ 12፤ አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የትራፊክ ፖሊሱ እጁን ካወረደበት ቅጽበት ጀምሮ የፀና ይሆናል።

አራት ኪሎ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት።

ቀኝ እጃችን ፍሬን ላይ፣ ግራችን ለመታጠፍ የተዘረጋ በመሆኑ አልተፈረመም።